ለጥርስ ሕመምና ለአፍ ጠረን ከጓዳ ቅመም ምን ታዘጋጃላችሁ?

የፍራንኮዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም አዳማዎች፣ ሰላም ሌላም ቦታ ያላችሁ። ጥርሴ እንቅልፍ ከነሳኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። በግራ በኩል፣ የታች መንጋጋ። ቀን ቀን ሰው ነኝ። ሥራም እሄዳለሁ፣ እስቃለሁም። ልክ ትራስ ላይ ጋደም ስል ይነሳብኛል።

ትናንት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሲብስብኝ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ማስታገሻ አልቋል። ለሻይ የማስቀምጠው ቅርንፉድ ግን ነበር። ሁለት ፍሬ በሚያመኝ በኩል ይዤ ቀስ እያልኩ ነከስኩት። መጀመሪያ ፈጀኝ፣ ምራቄ ሞላ። ትንሽ ቆይቶ ግን ድዴ ደንዘዝ አለልኝ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ጠዋት ቅርንፉዱን ትራሴ ላይ አገኘሁት።

ለእናቴ ደውዬ ስነግራት «ታዲያ እኛ በምን ያደግን መሰለሽ?» አለችና ዝርዝሩን ለቀቀችው። ጨው፣ ጦስኝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ እርድ። «ስንት ስንት ላድርግ?» ስላት «ቆንጠር ቆንጠር» አለችኝ። የእናቶች መለኪያ ይኸው ነው።

እናንተስ? አፍ መጉመጥመጫና የጥርስ ዱቄት ቤት መሥራት ፈልጌያለሁ። መጠኑን የምታውቁ፣ ሞክራችሁ ያያችሁ ጻፉልኝ። ሐኪም ቤት ሂጂ የምትሉኝን አውቄያችኋለሁ፣ ደመወዝ ሲገባ እሄዳለሁ።

ቅመም ተራ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡35

እህቴ እግዜር ይማርሽ። እኔ ገበያ ውስጥ ቅመም ነው የምሸጠው። ስለ ሕክምናው አላወራም፣ ስለ ቅርንፉዱ ግን ልንገርሽ።

ሰው ሲገዛ ቀለሙን ያያል። ቀለም አይደለም። ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው፣ ኃይሉ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። ጭንቅላቱን በጥፍርሽ ጫን አድርጊው። ጥሩ ከሆነ ዘይቱ ወዝ ብሎ ይወጣል። ሌላው ደግሞ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርገሽ ማየት ነው። ደህናው ይሰምጣል፣ ወይም ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዘይቱ ቀድሞ የተጨመቀው ግን በጎኑ ተጋድሞ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለውን ለሻይም አትግዢ።

የተፈጨ አትግዢ። ከምን ጋር እንደተፈጨ ማን ያውቃል? እኔ ራሴ የተፈጨ እሸጣለሁ፣ ግን ለራሴ አልገዛም። 😄

አቦ በለው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52

ስለ መፍጨት ከተነሳ ከእኔ ተማሩ። አምና ጥርሴን ሲያመኝ ቅርንፉድና ጨው ፈጭቼ ዱቄት ሠራሁ። በቡና መፍጫ። መፍጫው ላይ ከዚያ በፊት ባለቤቴ ሚጥሚጣ ፈጭታበት ነበር።

አቦ ተዉኝ። የጥርስ ሕመሙን ረሳሁት። ምላሴ፣ ከንፈሬ፣ ዓይኔ ሳይቀር። ውሃ ስጠጣ ባሰብኝ። ባለቤቴ ወተት እያቀበለች ትስቃለች፣ ልጆቹም ይስቃሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ጥርሴን ስቦርሽ «አባዬ፣ ሚጥሚጣ ልጨምርልህ?» ይሉኛል።

ነጭ ጋውን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

የምሠራው የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። «ሐኪም ቤት ሂጂ» የሚለውን ወደ መጨረሻ አቆየዋለሁ፣ ግን አይቀርልሽም።

ቅርንፉድ ዝም ብሎ የእናቶች ወሬ አይደለም። ዘይቱ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ነገር አለ። ነርቭን ያደነዝዛል፣ ጀርምም ይገድላል። ሌሊት ድድሽ የደነዘዘው ለዚህ ነው። ግን አፍሽ ውስጥ ይዘሽው አትተኚ። ትራስ ላይ መገኘቱ ጥሩ ነው፣ ጉሮሮሽ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ሌላ ጉድ ነበር።

በቤት የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅርንፉድ ደቆስ አድርጊ። ግማሽ የቡና ስኒ ዘይት ጨምሪበት፣ የኑግም ይሁን የወይራ። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጠለል። ጥጥ ነክረሽ የሚያመው ጥርስ ላይ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ታደርጊዋለሽ። ከፋርማሲ የሚገዛው የቅርንፉድ ዘይት ግን ሌላ ነው፣ በጣም ብርቱ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጠብታ በአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ካልቀጠንሽው ድድ ያቃጥላል። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ሕፃን ጥቂት እንኳ ቢውጠው ክፉኛ ይጎዳዋል። ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ድድ ላይ መቀባትም ክልክል ነው።

መጉመጥመጫ ካልሽ ከሁሉም የሚበልጠው በጣም ርካሹ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ። 30 ሰከንድ ያህል ተጉመጥምጠሽ ትተፊዋለሽ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በተለይ ከምግብ በኋላ። ያበጠ ድድን ያሳርፋል፣ የተቀረቀረ ምግብም ያስወጣል። ማር፣ ስኳር ምናምን አትጨምሪበት።

ጦስኝ ካለሽ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ስኒ የፈላ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ ከድነሽ፣ ሲቀዘቅዝ አጥልለሽ መጉመጥመጥ ትችያለሽ። በሱቅ ከሚሸጡት መጉመጥመጫዎች አንዳንዱ ውስጥ ያለው ታይሞል የሚባለው ጀርም ገዳይ የጦስኝ ዘመድ ከሆነ ቅጠል የተገኘ ነው። በቤት የተሠራው መጠባበቂያ የለውም፣ በየቀኑ አዲስ አፍዪ።

የጥርስ ዱቄቱን ግን ተይው። ደረቅ ጨው፣ ከሰል፣ አመድ፣ የተፈጨ ቅመም ሁሉም ይፍቃል። መጀመሪያ ጥርስሽ ያበራል። የሚያበራው ግን ሽፋኑ እየተላጠ ነው። የተላጠ የጥርስ ሽፋን መልሶ አይበቅልም።

አሁን ወደ ቀረው። ጋደም ስትዪ የሚብሰው ደም ወደ ጭንቅላት ስለሚበዛና የጥርሱ ውስጥ ግፊት ስለሚጨምር ነው። ቀን ዝም ብሎ ሌሊት የሚነሳ ጥርስ ብዙ ጊዜ ውስጡ፣ ነርቩ ጋ ነው ችግሩ። ቅርንፉድ እዚያ አይደርስም። ለጊዜው ትራስ ደርበሽ ቀና ብለሽ ተኚ። ደመወዝ ግን አትጠብቂ።

የፍራንኮዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡31

ትራስ ደርቤያለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ። (እህቴም ከሆንሽ ይቅርታ።)

ሻሸመኔ መገንጠያ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ስለ ነጭ ሽንኩርት ማንም ስላላስጠነቀቀ እኔ ልናገር። አታድርጉት። ጎረቤታችን ቀጥቅጠሽ ጥርስሽ ላይ ያዢው ብላኝ ሌሊቱን ሙሉ ይዤው አደርኩ። ጠዋት ድዴ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ቃጠሎ ነው አሉኝ፣ እንደ እሳት። ጥርሱም አልተሻለው። አሁን ሁለት ነገር ያመኝ ጀመር። በዚያ ላይ ሽታው! በሚኒባስ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ።

ነጭ ጋውን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡02

አስፕሪን ድድ ላይ የሚያስቀምጡም እንዲሁ ይቃጠላሉ። አስፕሪን ሚውጡት እንጂ ሚለጠፍ መድኃኒት አይደለም።

የሐይቅ ዳሯ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ከሐዋሳ ነኝ። አያቴ ነፍሷን ይማርና እስክታልፍ ድረስ የራሷን ጥርስ ነው የምታኝከው። ብሩሽ አፏ ገብቶ አያውቅም። ጠዋት የወይራ መፋቂያ ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች። ጫፉን አኝካ አኝካ እንደ ብሩሽ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ሰው ሰላም እያለች፣ ወሬ እየሰማች ግማሽ ሰዓት ትፍቃለች። ያለቀውን ጫፍ በቢላ ትቆርጠዋለች። በኋላ በጨው ውሃ ትጉመጠመጣለች። ያ ነው ሕክምናዋ።

ድዷም ተነቅሶ ነበር፣ ጥቁር ሰማያዊ። ያኔ ለውበትም ነው፣ ድድ ያጠነክራል ተብሎም ነው። ስትስቅ ጥርሷ ከዚያ ጥቁር ላይ እንዴት እንደሚያበራ! እኔ በወጣትነቴ አፍርባት ነበር። አሁን አንድ ፎቶ እንኳ ስትስቅ የተነሳችው የለንም።

እና ቅመምም ሆነ መፋቂያ ከመውቀሳችን በፊት፣ አያቴ ስኳር የምትቀምሰው በበዓል ነበር። እኛ ሻያችን ውስጥ ስንት ማንኪያ ነው የምንጨምረው?

አቦ በለው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

አራት። አትፍረዱብኝ።

የፋብሪካ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡20

ወንጂ ነው ያደግኩት። እዚያ ያደገ ሰው ጥርሱን ሲያሳይ ይታወቃል። ቡናማ፣ አንዳንዱ ነጠብጣብ፣ አንዳንዱ ጉድጓድ ጉድጓድ። እኛ ሰፈር የተለየ ነገር አልነበረም፣ ሁላችንም አንድ ነን። አዲስ አበባ ለትምህርት ስሄድ ነው ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ፣ ጥርስህን አትታጠብም ወይ የተባልኩት። ከዚያ ወዲህ አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው የምስቀው።

ያልሞከርኩት የለም። ሎሚና ጨው፣ ከሰል፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ እርድ በዘይት። ከእርዱ የቀረልኝ ቢጫ ሸሚዝ ነው። ሎሚውን ለሁለት ወር በየቀኑ ተጠቀምኩ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጥርሴ ይወጋኛል፣ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው። ሙሽራ ልሆን ነው፣ ሦስት ወር ቀረኝ። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ።

ነጭ ጋውን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሎሚውን ዛሬውኑ አቁም። የጥርስ ሽፋን ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። ሎሚ 2 አካባቢ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ጨው ጨምረህ ስታሸው፣ ያለሰለስከውን በአሸዋ ወረቀት እንደመፋቅ ነው። የሚወጋህ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቆሻሻ አይደለም ያለብህ። ይህን ደጋግሜ ለወንጂ፣ ለመተሐራ፣ ለዝዋይ፣ ለሐዋሳ ዙሪያ ልጆች እናገራለሁ። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከድንጋዩ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በዚህ አካባቢ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በየመንደሩ የሰፈረው ሠራተኛ ለዓመታት የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። የአንዳንዱ ጥርስ ብቻ አይደለም የተበላሸው፣ አጥንቱም ነው። አንገትና ወገባቸው ግትር ብሎ የቀሩ አዛውንቶችን አንተም ታውቃቸዋለህ።

ቀለሙ የሚገባው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፣ ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ። ስለዚህ የሽፋኑ አካል ነው እንጂ ላዩ ላይ የተቀባ አይደለም። በሎሚ አይለቅም፣ በከሰል አይለቅም፣ በቅመም አይለቅም። ክሊኒክ ውስጥ ግን ቀለል ላለው ላዩን በስሱ የማለስለስ ሥራ አለ፣ ማንጣትም አለ። ለጠቆረውና ጉድጓድ ላለው ደግሞ ከፊት ለፊት በጥርስ ቀለም በተሠራ መሙያ ይሸፈናል። ሦስት ወር ይበቃሃል። እንኳን ደስ አለህ።

መርማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ቆይ ቆይ። ፍሎራይድ ነው ያበላሸው ካልክ፣ የጥርስ ሳሙናውም ፍሎራይድ አለበት። ታዲያ መርዝ እየገዛን ነው? እኔ ለዚህ ነው ሳሙና ትቼ በቅርንፉድና በጨው የምታጠበው።

ነጭ ጋውን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡38

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። ውሃውን ትጠጣዋለህ፣ ሳሙናውን ትተፋዋለህ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጥርሱ ሠርቶ ላለቀ አዋቂ ሰው ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ቀለም አያመጣበትም፣ ጥርሱ እንዳይቦረቦር ነው የሚጠብቀው። ቅርንፉድና ጨው ይህን አይሠሩም። ቅርንፉድ ሕመም ያስታግሳል፣ ጨው ድድ ያሳርፋል። መቦርቦርን የሚከላከል ቅመም ጓዳ ውስጥ የለም።

ልጆች ላይ ነው ጥንቃቄው። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ታህል። አጠገባቸው ቆማችሁ አስተፏቸው። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ደግሞ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይበዛል። የከብት አጥንት ከሰል ያለበት ማጣሪያ ይቀንሰዋል። የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ደግሞ ለልጆቹ መጠጥ ያን ያድርግ።

መርማሪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

እሺ፣ ይሁን። ሳሙናውን እመልሳለሁ። ቅርንፉዱን ግን አልተውም፣ ለምጄዋለሁ።

እመ ሣሮን | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

የእኔ ጥያቄ ስለ ጠረን ነው። ጾም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ስቆይ አፌ ይሸታል። ቢሮ ሰው ሲያናግረኝ ፊቴን አዞራለሁ። ቅዳሴ ላይ ሳይቀር እጨነቃለሁ። ምን ላድርግ?

የሐይቅ ዳሯ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡25

ውዴ ሁላችንም ነን። ሲጾም አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ሲቀንስ ሽታ ይመጣል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ምላስሽን ወደ ኋላ ድረስ በብሩሽ ወይም በማንኪያ ጠርዝ ፋቂው፣ አብዛኛው ሽታ እዚያ ነው ያለው። ማታ ውሃ በደንብ ጠጪ። ከጾሙ በኋላ ሁለት ሦስት የኮረሪማ ፍሬ ማኘክ ደስ ይላል። ልጣጩን ሳይሆን ውስጡን ያለውን ጥቁር ፍሬ። ሙስሊም ጓደኞቼ በረመዳን ቀን መፋቂያ ይጠቀማሉ፣ እኔም ከእነሱ ተምሬያለሁ።

ቅመም ተራ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡50

ኮረሪማ ስትገዙ ያልተቀደደውን፣ ሲነቀነቅ ፍሬው የሚንኳኳውን ምረጡ። የእኛው አገር ነው፣ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው፣ እንደ ቅርንፉድ ባሕር አልተሻገረም።

ነጭ ጋውን | ረቡዕ፣ ቀትር 6፡30

ስትጾሙም ሳትጾሙም የማይለቅ ሽታ ከሆነ፣ ድድም የሚደማ ከሆነ፣ ጥርስ ማሳጠብ ነው። ድንጋይ የሆነውን ቆሻሻ ቅመም አያነሳውም። ስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ የድድን ነገር አትናቁት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከላይ ጤና አዳም ተጠቅሷል። ነፍሰ ጡር የሆነች እንዳትነካው። ለጽንሱ ጥሩ አይደለም።

የፍራንኮዋ | ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡40

ደስ የሚል ዜና! ጥርሴ ተሻለው። ማክሰኞ ሌሊት ብን ብሎ ጠፋ። ትናንት አንድም ጊዜ አላመመኝም። የቅርንፉዱ ዘይት ነው መሰለኝ። ክሊኒኩን ወደ ሚቀጥለው ወር አስተላለፍኩት። እናቴ እልል ብላለች።

ነጭ ጋውን | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡10

እህቴ እልልታውን አቆዪው። ያን ያህል የሚያም ጥርስ በአንድ ሌሊት ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ድኖ ሳይሆን ነርቩ ሞቶ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም። ከሥሩ ግን መግል ይቋጥራል። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ጉንጭሽ ወይም አገጭሽ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ክሊኒክ አትፈልጊ፣ ቀጥታ ሆስፒታል፣ ሌሊትም ቢሆን።

አቦ በለው | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡15

ሂጂ እህቴ። ይሄ ሰውዬ ሲቆጣ ያስፈራል።

የፍራንኮዋ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡20

ሄድኩ። ሐሙስ ማታ ጉንጬ ትንሽ ቀላ ብሎ አበጠ፣ አርብ ጠዋት በር ላይ ነበርኩ። ራጅ ተነሳሁ። ከጥርሱ ሥር ትንሽ ጥቁር ነገር አሳየኝ። ነርቩ ሞቷል፣ መግል ጀምሯል። አይነቀልም፣ ሥሩ ይታከማል አለኝ። ገንዘቡን ከእህቴ ተበደርኩ።

መርፌ ወጋኝ፣ ከፈተው፣ አጸዳው። ያም ሆነ ይህ እንደፈራሁት አይደለም። የሚገርመው መጨረሻ ላይ ነው። በጊዜያዊነት ሲደፍነው አፌ ውስጥ አንድ የማውቀው ሽታ መጣ። የእናቴ ጓዳ። «ይሄ ቅርንፉድ አይደለም እንዴ?» አልኩት በደነዘዘ አፌ። ሳቀ። ዚንክ ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ከዩጂኖል ጋር ተለውሶ ነው አለኝ፣ ያው ከቅርንፉድ የሚወጣው።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ለማንም አልተመለሰችም። ለጎረቤቱ ሁሉ «ሐኪሙም በእኔ መድኃኒት ነው ያከማት» እያለች ነው።

ቅመም ተራ | ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡41

እናትሽን ሱቄ ላኪያት፣ ግማሽ ኪሎ በነፃ።

የፋብሪካ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡05

እኔም ትናንት ታየሁ። ነጭ ጋውን እንዳልከው ቀለሙ አይለቅም፣ የፊት ስድስቱ ይሸፈናሉ ተብያለሁ። ለሚወጋኝም ሳሙና ታዘዘልኝ። እጮኛዬ ግን አትሸፍነው እያለች ነው፣ ስንተዋወቅ እንዲሁ ነበርክ ትላለች። ምን ትላላችሁ?

የሐይቅ ዳሯ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡18

ሸፈንከውም አልሸፈንከውም፣ በሰርጉ ቀን እጅህን ከአፍህ አውርደህ ፎቶ ተነሳ። ስቀህ።